ቁስሌ ላይ የተጋገረው ቢጫ ነገር መግል ነው ወይስ ክሬሙ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከወለድኩ 3ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከ5 ቀን በፊት ለጠያቂ ቡና ሳፈላ ጀበናው ተገልብጦ ቀኝ እጄን ከጣቶቼ እስከ አንጓዬ አቃጠለኝ። በድንጋጤ የጥርስ ሳሙና ቀባሁበት። በማግስቱ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ከፋርማሲ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሚባል ነጭ ክሬም ገዝቼ በየቀኑ እደርብበታለሁ። አሁን ቢጫማ ነጭ፣ የሚያሟልጭ ነገር ተጋግሮበታል። ጎረቤቴ «መግል ይዟል፤ የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ፈልቅቀሽ ነስንሺበት» አለችኝ። የ4 ዓመት ልጄም አፉ ዳር ቁስል ወጥቶበታል። ይህንኑ ክሬም ልቀባው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። በአራስ ቤት ላይ ይህ መጨመሩ አሳዝኖኛል።

ከሚያስጨንቅዎት ልጀምር። ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ከቁስል ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ልክ እርስዎ እንደገለጹት ያለ ቢጫማ ነጭ ሽፋን ይሠራል። መግል ይመስላል እንጂ መግል ላይሆን ይችላል። ልምድ የሌለው ባለሙያም ይሳሳትበታል። በደብዳቤዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ ግን «እደርብበታለሁ» ያሉት ቃል ነው። የትናንቱ ሳይታጠብ የዛሬው ሲቀባ መድኃኒቱ ቆዳውን አያገኘውም፤ ከሥር የሞተ ቆዳና ፈሳሽ ይታቆራል፣ ተህዋሲያንም እዚያው ይራባሉ። ያን ጊዜ የውሸቱ መግል ወደ እውነተኛው ይለወጣል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ እጥበቱ ነው። መጀመሪያ የእርስዎን ወይም የሚረዳዎትን ሰው እጅ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ቀለበት ካለ፣ ጣት ሳያብጥ ይውለቅ። ቁስሉን በንጹህ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በቀስታ አጥበው የቆየውን ክሬም በሙሉ ያንሱ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነና የተቀመጠ የጄሪካን ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ አፍልተው ያቀዝቅዙት። ቢያምም አይፈትጉት። በንጹህ ጎዝ መታ መታ አድርገው ያድርቁት። ከዚያ ክሬሙን የሳንቲም ውፍረት ያህል፣ ማለትም 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀቡታል። በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይበቃል። እያንዳንዱን ጣት ለየብቻው በጎዝ ይጠቅልሉ፤ አንድ ላይ ከታሰሩ የተላጠው ቆዳ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጣቶችዎን በቀን ደጋግመው ይጠፏቸው፣ ይዘርጓቸው። ከቃጠሎ በኋላ እጃቸውን በፍርሃት ያለ እንቅስቃሴ አስቀምጠው ጣታቸው ተኮማትሮ የቀረ ሰዎች አክሜያለሁ፤ ቁስሉ ድኖላቸው እንጀራ መቁረስ ግን አቅቷቸዋል። ሲተኙ እጅዎን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው ያሳርፉት።

እውነተኛ ኢንፌክሽን ራሱን የሚያሳውቅበት ምልክት አለው። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ይብሳል፤ መቅላቱና እብጠቱ ከቁስሉ ጠርዝ አልፎ ይስፋፋል፤ መጥፎ ሽታ ይመጣል፤ ቁስሉ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ያወጣል፤ ትኩሳት ይነሣል፤ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ካለ ክሬም ብቻውን አይበቃም፤ የሚዋጥ ወይም በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል።

የካፕሱሉን ዱቄት ግን አደራዎን ይተውት። በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ጎረቤትዎም በቅንነት ነው የመከረችዎ። ነገር ግን ለመዋጥ የተሠራ ዱቄት ቁስል ላይ ይጋገራል፣ አለርጂ ይቀሰቅሳል፣ ተህዋሲያኑንም መድኃኒቱን ያለማምዳቸዋል። ቤታሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ያለባቸው የተቀላቀሉ ክሬሞችም እንዲሁ ቃጠሎ ላይ አይደረጉም።

አሁን ደግሞ ፋርማሲው ሳይጠይቅዎት የቀረው ይመስለኛል፤ ክሬሙ ውስጥ ሰልፋ የሚባል የፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት አለ። ሰልፋ ከ2 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም፤ ቢጫ የሚያደርጋቸውን ነገር በደማቸው ውስጥ አብዝቶ አንጎላቸውን ሊጎዳ ይችላል። ከቆዳ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ትንሽ ነው፤ ቃጠሎውም አንድ እጅ ላይ ነው። ጡት አያቋርጡ። ሆኖም የ3 ሳምንት ጨቅላ ላለው ሰው እኔ ብሆን ሌላ አማራጭ እመርጣለሁ፤ በተለይ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ከተወለደ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ። ላይ ላዩን ለሆነ ቃጠሎ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ጥሩ ነው። ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ቢሆንም፣ ቀለል ያለ ቃጠሎ ላይ የአዲሱን ቆዳ መውጣት እንደሚያዘገይ ጥናቶች አሳይተዋል። እስኪታዩ ድረስ ክሬሙ የሕፃኑን ቆዳ እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሰልፋ ወስደው ያሳከክዎት ወይም ሽፍ ያለብዎት ጊዜ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙት።

የትልቁን ልጅ ቁስል ሳላይ መፍረድ አልችልም። ማር የመሰለ ቅርፊት ካለው ግን በልጆች ላይ የሚበዛውና ፈጥኖ የሚተላለፈው የቆዳ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ክሬም ለፊት አይሆንም። ቅርፊቱን በለብ ባለ ውሃ አርሰው ያንሱለት፤ ሐኪሙ ፉሲዲክ አሲድ ወይም ሙፒሮሲን ቅባት ሊያዝለት ይችላል፤ ቁስሉ ብዙ ቦታ ከወጣ የሚጠጣ ሽሮፕ ይጨመራል። ፎጣው ለብቻው ይሁን፣ ጥፍሩ ይቆረጥ። ሕፃኑን መሳም ለጥቂት ቀናት ይቅርበት፤ ለጨቅላ ይህ በሽታ ቀላል አይደለም።

የጥርስ ሳሙናውን በተመለከተ፣ ቃጠሎ እንደደረሰ የሚጠቅመው ቧንቧ ከፍቶ 20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ከቃጠሎው በኋላ እስከ 3 ሰዓት ያህል ቢዘገይም ይረዳል። የጥርስ ሳሙናም ሆነ በረዶ፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይደረግም።

የእጅ ቃጠሎ፣ ትንሽ እንኳ ቢሆን፣ በዓይን መታየት አለበት። በተለይ ነጭ ወይም ቆዳ ጫማ የመሰለ፣ ሲነኩት የማያምዎት ቦታ ካለ ጥልቅ ነው። ዛሬ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከከበደ ሪፈር ይጽፉልዎታል። የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታልም ስድስት ኪሎ ነው፤ ከሰፈርዎ ሩቅ አይደለም። ሲገቡ ገና ከመቀመጥዎ «አራስ ነኝ፣ ጡት አጠባለሁ» ይበሉ። የክሬሙን ቱቦና የእርግዝና ክትትል ካርድዎን ይያዙ፤ የቴታነስ ክትባት መቼ እንደወሰዱ ካርዱ ላይ ተጽፏል።