በቤት የተማረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ ነው። ልጄ 9ኛ ክፍልን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሶ የ10ኛን አንድ መንፈቅ ዓመት እንደተማረ ትምህርት ቤቱ በጸጥታ ችግር ተዘጋ። አባቱ የሒሳብ መምህር ስለነበር ሁለት ዓመት በመማሪያ መጻሕፍቱ ቤት ውስጥ አስተማረው፤ አሁን የ11ኛን ፊዚክስ እያገባደደ ነው። ዕድሜው 18 ሞልቷል። አሜሪካ ያለው አጎቱ «እዚህ ወላጅ ያዘጋጀው ትራንስክሪፕት ኮሌጅ ያስገባል» ይለናል። አንድ ሰው ደግሞ የ10ኛና የ11ኛ ካርድ በገንዘብ አሠራላችኋለሁ ብሎናል። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት መንገድ አለ ወይ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከካርዱ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በጊዜ የሚቃና ነው፣ ይኼኛው ግን አይደለም። ያልተማሩትን ክፍል ተምሬያለሁ የሚል ካርድ ማሠራትም ሆነ ማቅረብ ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 375 ጀምሮ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትን፣ በአንቀጽ 378 ደግሞ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልን ይቀጣል። ስለዚህ ሠሪው ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚቀርበውም ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ካርድ ምዝገባ ላይ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚጋለጠው ዩኒቨርሲቲው ወይም ቀጣሪው «ይህ ተማሪ በሮስተራችሁ ላይ አለ ወይ?» ብሎ ለትምህርት ቤቱ ሲጽፍ ነው። ካርድ የትም ይታተማል። ሮስተር ላይ ግን የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ከነውጤቱና ከነደረጃው ስለተዘረዘረ መሃል ላይ አንድ ስም ማስገባት የሌላውን ሁሉ ደረጃ ያዛባል። ሰውየውን አሰናብቱት።

አባቱ ማስተማራቸው ጥፋት አይደለም፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ችግሩ በአገራችን ወላጅ በቤቱ ያስተማረውን እንደ አንድ የክፍል ደረጃ ቆጥሮ የሚመዘግብ ሥርዓት አለመኖሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚታዩት ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተመዘገበው ውጤትና ብሔራዊ ፈተናው ናቸው። «በግል ይፈተን» የሚሏችሁ አይጠፉም። የግል ተፈታኝ የሚባለው ግን ባመዛኙ 12ኛን ጨርሶ፣ አንዴ ተፈትኖ፣ ውጤቱን ለማሻሻል የሚመለስ ሰው ነው። ከቤቱ ተነሥቶ በቀጥታ የሚቀርብ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ልጁ መዝገብ ውስጥ መመለስ አለበት። መነሻው 10ኛ ክፍል ነው፤ የዓመቱ አማካይ የሚወጣው ከሁለቱም መንፈቆች ስለሆነ አንዱ ብቻውን ወደ 11ኛ አያሻግርም። የ11ኛ ፊዚክስ ለሚሠራ ልጅ ይህ መራር ነው። ያም ሆኖ አሁን ቢመዘገብ በሦስት ዓመት 12ኛን ይጨርሳል፤ ቤት የተማረውም ከክፍል ጓደኞቹ ያስቀድመዋል። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የክልሉ ትምህርት ቢሮ በጸጥታ ምክንያት ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች ያወጣው የተለየ መርሐ ግብር አለ ወይ ብላችሁ ጥያቄውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አቅርቡ። በቃል ጠይቆ በቃል መመለስ ነገ ማስረጃ አይሆንም።

የቀን ትምህርት ካልተመቸው የማታ ወይም የርቀት አለ። በርቀቱ ተጠንቀቁ። ማዕከሉ ፈቃድ እንዳለው ብቻ ሳይሆን ፈቃዱ ለዚያ ክፍል ደረጃና ለዚያ ቅርንጫፍ የተሰጠ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንም ተመልከቱ። ባሕር ዳር ላይ ፈቃድ ያለው ድርጅት ሞጣ ላይ የከፈተው ክፍል ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

ከቀድሞው ትምህርት ቤት የምትፈልጉት የ9ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ10ኛን የመጀመሪያ መንፈቅ የሚያሳይ ካርድና የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው። የተዋሰውን መጽሐፍ መልሶ ክሊራንስ ካልጨረሰ መልቀቂያው ሊያዝበት ይችላል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ፎቶግራፉ መለጠፉን፣ ማኅተሙም ግማሹ በፎቶው ግማሹ በወረቀቱ ላይ ማረፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ልጁ 18 ስለሞላው አመልካቹ ራሱ ነው፤ እርስዎ የሚያወጡለት ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ሊጠየቁ ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ዝግ ከሆነ ወይም መዝገቡ ከጠፋ ማመልከቻው ለወረዳው፣ ከዚያም ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ይቀርባል። የ8ኛ ክፍል ፈተና ክልላዊ ስለሆነ ውጤቱን በባሕር ዳሩ ትምህርት ቢሮ በኩል ማስፈለግ ይቻላል።

ብዙ ሰው ቸል የሚለው የስም ነገር ነው። በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት «ኃይለ ማርያም»፣ በትራንስክሪፕቱ «ኃይለማርያም»፣ በፋይዳ ደግሞ የአያት ስም ተለውጦ ከተገኘ ለፈተና ሲመዘገብ ይያዛል። የልደት የምስክር ወረቀቱን፣ ፋይዳውንና የትምህርት ማስረጃዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። የትምህርት ቤቱ የጽሕፈት ስህተት ከሆነ በማመልከቻ ይታረማል። ልዩነቱ የስም ለውጥ ከሆነ ግን ወደ ፍርድ ቤት ያመራል፤ ያ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ጀምሩት እንጂ 12ኛ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ፈተናውን በተመለከተ በቅርብ ዓመታት ስድስት የትምህርት ዓይነት ከ600 ይታሰባል፤ ማለፊያው ግማሹ፣ 300 ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የአጠቃላይ ችሎታ ፈተና) ናቸው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አባቱ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ እንደሚያተኩሩ ከጥያቄዎ ይታያል፤ ቤት የሚማር ልጅ የሚጎድለው ግን ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ነው። ማለፊያውን ላላመጡ በየዓመቱ በሚወሰን ነጥብ የሬሜዲያል (የማካካሻ) ትምህርት ይሰጣል። የግል ኮሌጆችም ለዲግሪ ሲቀበሉ የትምህርት ሚኒስቴርን መመዘኛ መከተል ስላለባቸው በዚያ በኩል አቋራጭ አለ ብላችሁ አታስቡ።

አጎቱ የተናገሩት ለአሜሪካ እውነት ነው። እዚያ ብዙ ኮሌጆች ወላጅ ያዘጋጀውን ትራንስክሪፕት ይቀበላሉ። በመሃል ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ለተዛወረ ልጅ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል፦ የ9ኛውና የ10ኛው መንፈቅ ከትምህርት ቤቱ፣ የቀረው ከወላጅ። የወላጁ ላይ የትምህርቱ ስም፣ የተጠቀማችሁት መጽሐፍ፣ ውጤቱና የፈጀው ጊዜ ይሠፍራል፤ ለምን እንደተዛወረም በአጭሩ ይገለጻል። ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ላይ የትምህርት ቤት አማካሪ የሚሞላውን ክፍል ወላጅ ሊሞላው ይችላል። የወላጅ ውጤት ብቻውን ስለማያሳምን ኤስኤቲን (ከ1600 የሚታረመውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና) እና እንደ ቶፍል ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ማከል ይበጃል። ቪዛው ደግሞ ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ማሳየት ይጠይቃል። ይህ በር ግን የሚከፈተው ወደ አሜሪካ ኮሌጅ እንጂ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። በኢንተርኔት የሚያስተምር የውጭ ትምህርት ቤት ብታስቡም አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ለማስረጃው የአቻ ግምት ይሰጥ እንደሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ማመልከቻዎቻችሁን ሁሉ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስታስገቡ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት። ትምህርት ቤቱ ማስረጃ ቢከለክል ወይም ዝም ቢል በዚያ ቅጂ ወረዳው ዘንድ፣ ቀጥሎ ዞኑና ቢሮው ዘንድ አቤት ይባላል። ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የባሕር ዳር ቅርንጫፍ አቤቱታን ያለ ክፍያ ይቀበላል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚሠራው በፌዴራል ተቋማት ላይ ስለሆነ የምትጠቀሙበት ቅሬታችሁ ከፈተናዎች አገልግሎት ወይም ከሚኒስቴሩ ጋር ሲሆን ነው፤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ላይ በዚህ አዋጅ ክስ ብታቀርቡ ፋይሉ ይዘጋባችኋል።