ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ቁስል ተነካ። «ዊንዶውስ 7 የተጫነበት የቤቴ ኮምፒውተር ሲነሳ ሲስተም ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል፤ ፎርማት ላስደርገው?» ነው ያልሽው። አታስደርጊው። ፎርማት ያለውን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ፣ ቢያንስ ፋይልሽን ሳታወጪ አታስደርጊው።

እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፣ ያለኝም ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ያንኑ ጽሑፍ አወጣ። በባጃጅ ጭኜ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ፎርማት ነው» አለኝ። «ፋይሎቼስ?» ስለው «ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለ። እውነቱን ነው፣ ዲ አልተነካም (ሲ እና ዲ ሃርድ ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች ናቸው፤ ዊንዶውስ ያለው ሲ ላይ ነው)። ግን ዴስክቶፕ ላይና ማይ ዶክዩመንትስ ውስጥ የምናስቀምጠው ሁሉ ያለው ሲ ላይ መሆኑን ማን ነገረኝ? የልጄ ክርስትና ፎቶ፣ እናቴ ከማረፏ በፊት ልጄን ታቅፋ የተነሳችው፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሁሉም ሄደ። ተመልሼ ስጠይቀው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ባክአፕ መያዝ ያንተ ሥራ ነው» አለኝ። 500 ብሬን ግን ተቀብሏል። «ሲ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ?» ቢለኝ ምን ነበረበት? እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦

1. ፋይልሽን አውጪ። ሰው ቤት ባለ ደህና ኮምፒውተር 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ ሉቡንቱ የሚባለውን፣ ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ ነፃ ሲስተም አዘጋጂ (ፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ባዶውን ተጠቀሚ)። ኮምፒውተርሽን ከፍላሹ አስነሺና «ትራይ» የሚለውን ምረጪ፤ «ኢንስቶል» የሚለውን እንዳትነኪ። ዊንዶውስ ባይነሳም ፎልደሮችሽ ይታዩሻል፣ ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጪ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ሳትገለብጪ ቼክዲስክ (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) አታስጀምሪ፣ ጭራሽ ሊገድለው ይችላል።

2. ሲነሳ ኤፍ8ን ደጋግመሽ ተጫኚ፣ «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር»፣ ከዚያ «ስታርትአፕ ሪፔር»። ከተነሳልሽ ሲኤምዲን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ ኤስኤፍሲ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ስካንናው (sfc /scannow) ብለሽ ጻፊና ኢንተር ተጫኚ፤ የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን ፈልጎ ይጠግናል። መቶ እስኪሞላ አትዝጊው።

3. ፋይሉ ለምን እንደተበላሸ እወቂ። ያ ጥገና ቤት ያልጠየቀው ይህንን ነው። የኔው ፎርማት በተደረገ በዘጠነኛው ቀን ያንኑ ጽሑፍ መልሶ አመጣ! ያኔ ተናድጄ ራሴው ልከፍተው ወሰንኩ። ገመዱን ነቅዬ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ተጭኜ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣሁና ክዳኑን አነሳሁት። የአዳማን አቧራ ታውቂዋለሽ፤ ፋኑ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ሁለቱን ራሞች (ኮምፒውተሩ እየሠራ ያለውን ለጊዜው የሚይዝባቸውን የሜሞሪ ካርዶች) አወጣኋቸው። ወርቃማው ጥርሳቸው ጠቁሯል። በልጄ ላጲስ ቀስ እያልኩ ስፈገፍገው መልሶ አበራ። ከዚያ ራሞቹን አንድ በአንድ እየሰካሁ በዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ፈተሽኳቸው፤ አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው ቢጸዳም ስህተት የሚያወጣ። ነገሩ ይኼው ነው፦ ወደ ዲስክ የሚጻፈው ሁሉ በራም በኩል ስለሚያልፍ፣ ራሙ ከታመመ አዲስ የተጫነውም ዊንዶውስ ተበላሽቶ ይጻፋል። መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ለውጥ አያመጣም።

የታመመውን አውጥቼ ጣልኩት። በአንዱ ብቻ ዘገም ይላል እንጂ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ያን ጽሑፍ አላየሁም። ኮምፒውተር ተምሬ አይደለም፤ በላጲስና በትዕግሥት ነው ያዳንኩት።

«ዊንዶውስ 7 ስላረጀ ነው» የሚሉሽንም አትስሚ። ድጋፉ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ያ ማለት አዲስ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም ማለት ነው እንጂ ፋይሉ በራሱ ጊዜ ይበላሻል ማለት አይደለም።

ሰዓቱ በተነሳ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሪ፣ ቁጥሯ 2032 ነው። ራም መግዛት ካለብሽ ደግሞ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፤ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች መሰንጠቂያቸው ስለሚለያይ አይገጣጠሙም።