የሸተተ የጀሪካን ውሃ፦ ልድፋው ወይስ በረኪና ልጨምርበት?

ለክፉ ቀን ብለህ ያስቀመጥከው 20 ሊትር ውሃ እንደ ሽታው ዓይነት ነው የሚወሰነው። ናፍጣ፣ ቀለም ወይም ሳሙና የሚሸት ከሆነ ድፋው። በረኪናም ሆነ ማፍላት ኬሚካል አያወጣም። ጀሪካኑንም ለመጠጥ አትመልሰው።

የታፈነ የቆየ ውሃ ሽታ ብቻ ከሆነ ግን ይድናል፦

1. በንጹህ ጨርቅ አጥልለው።
2. ሽቶ የሌለው፣ ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ጨምር። ለ20 ሊትር 40 ጠብታ መሆኑ ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ውሃው ከደፈረሰ እጥፍ አድርገው።
3. አማስለህ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ድገምና 15 ደቂቃ ቆይ። አሁንም ክሎሪን ካልሸተተህ፣ በቃ ድፋው።

«በረኪና ተወው፣ አፍላው ብቻ» የሚሉህ አሉ። እውነት አላቸው፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተህዋስ በረኪና አይደፍረውም። ውሃው ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆንክ 3 ደቂቃ። ግን መብራት ጠፍቶ ጋዝም ባለቀበት ቀን 20 ሊትር በምን ታፈላለህ?

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በረኪናው ራሱ ያረጃል። እኔ የከፈትኩበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በማርከር እጽፋለሁ። ዓመት ካለፈው ለወለል እንጂ ለውሃ አላስጠጋውም። ጀሪካኑ ላይም ቀን ጻፍበትና ውሃውን በየ6 ወሩ ቀይረው።