ዶዘር የገፋው መሬት በቆሎ እምቢ ሲል

ጥያቄ፦ «ቁጥቋጦ የወረሰውን መሬቴን ዶዘር ተከራይቼ አስመነጠርኩ፤ ጉብታውንም አስደለደልኩ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ አንድ ሥር እንኳ ሳይቀር ጸዳ። በቆሎ ዘርቼበት በቀለ፤ ግን ጉልበት ላይ ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ዩሪያ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ዳር ዳሩ ያለው ግን ደህና ነው። አንዱ ዘሩ ነው ይለኛል፤ ሌላው ማሽኑ መሬቱን አቃጥሎታል ይላል። ቀሪውን ግማሽ በመጪው በጋ ላስገፋ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳያስቡት የጻፏቸው ሁለት ነገሮች መልሱን ይዘውታል፦ «አንድ ሥር እንኳ ሳይቀር ጸዳ» ያሉት እና «ዳር ዳሩ ደህና ነው» ያሉት። ጥፋቱ የዘሩ ቢሆን ዳርና መሃል አይለይም ነበር። በሽታ ወይም ተባይ ቢሆን ቅጠሉ ላይ ነጥብ፣ ቀዳዳ ወይም የተበላ ግንድ አይተው ይጽፉልኝ ነበር። ማሽን መሬት አቃጠለ የሚባለውም እውነትነት የለውም። ማሽኑ የሄደበትን መንገድ እየተከተለ የሚመጣ አንድ ችግር አለ፤ የላይኛው አፈር ተጠርጎ መሄዱ ነው። ዶዘሩ ቁጥቋጦውን ሲገፋ ለሙን አፈር አብሮ ወስዶ ዳር ከምሮታል። በቆሎው የተዘራው ከሥር በወጣው አፈር ላይ ነው።

ይህን ከቤትዎ ሳይርቁ ማረጋገጥ ይችላሉ። ማሽን ያልነካው መሬትና የተገፋው መሬት የሚገናኙበት ድንበር ላይ ይቁሙ። የተገፋው ዝቅ ብሎ ደረጃ ሠርቶ ከሆነ ቁመቱን በሜትር ይለኩት፤ የጎደለብዎት አፈር ውፍረት ያ ነው (ጉብታ የነበረበትን ቦታ ግን አይለኩበት፤ ያሳስትዎታል)። ደረጃው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ሄክታር ላይ 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ሄዷል ማለት ነው። ቀጥለው ሁለት ጉድጓድ በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ፤ አንዱን ከማሳው መሃል፣ አንዱን ካልተነካው ወገን። ከላይኛው ክፍል የእንቁላል ያህል ጓል ከሁለቱም አንሥተው ያድርቁና ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ አድርገው ይጣሏቸው። ለም የላይኛው አፈር ለደቂቃዎች ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ የታችኛው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ተፈረካክሶ ጭቃ ይሆናል። ዝናብ ሲመታው ጠፍጥፎ ቅርፊት የሚሠራውም ይኸው አፈር ነው።

ዩሪያው ለምን እንዳልሠራ ከዚህ ይገባዎታል። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ነው። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጠርዝ በለጋ በቆሎ ላይ ሲታይ በአመዛኙ የፎስፈረስ እጥረትን ይናገራል፤ ፎስፈረስ ደግሞ ከታችኛው አፈር ይልቅ በላይኛው ይገኛል። ከሥር ጋር ተጣብቀው ፎስፈረስ የሚያቀብሉት ፈንገሶችም በብዛት ያሉት እዚያው ላይ ነው። ከዚህም በላይ ከላይ የተበተነና ያልተሸፈነ ዩሪያ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይተናል፤ ቅርፊት በሠራ መሬት ላይ ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። ሦስተኛ ዙር አይጨምሩ፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡ።

ዘንድሮ መሃል ላይ ያለውን በቆሎ ማዳን አይቻልም፤ ተስፋ ሰጥቼ ላታልልዎ አልፈልግም። ለከብት አጭደው ሊሰጡት ካሰቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዩሪያ በዝቶበት የቀጨጨ በቆሎ በግንዱ ታችኛ ክፍል ናይትሬት ያከማቻል፤ ይህም ከብት ይገድላል። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይጨዱ፣ ከደረቅ ድርቆሽ ጋር ይቀላቅሉ፣ ባዶ ሆዱን ላለ ከብት ብቻውን አይስጡ። ድርቅ ከሰነበተ በኋላ ዝናብ በጣለ ሰሞን ደግሞ ጨርሶ ባይሰጡት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አፈርዎ አልጠፋም፤ ዳር ላይ ተከምሯል። መድኃኒቱ እሱ ነው፤ ግዢ የለውም፣ ጉልበት ብቻ ይጠይቃል።

መላ ማሳውን መልሶ ማልበስ ከአቅም በላይ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለማልበስ 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ በእጅ የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ አፈሩን ማሳው ላይ አይበትኑት፤ ዘሩ የሚያርፍበት ትልም ውስጥ ብቻ ይመልሱት። ስሌቱን እንይ። በጣም የተጎዳውን 20 በ50 ሜትር ቦታ ይምረጡ። በ75 ሴንቲ ሜትር ርቀት 27 ትልሞች ይወጡታል፤ ተቀጣጥለው ሲለኩ 1,350 ሜትር ያህል ናቸው። ትልሙን 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰጥተው ቢሞሉት የሚፈጀው አፈር 20 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ያንኑ ቦታ በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሙሉ በሙሉ ቢያለብሱት 100 ሜትር ኩብ ይጠይቅዎ ነበር። ሃያው ሜትር ኩብ 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 330 ምልልስ ያህል ነው፤ ግማሽ ሜትር ኩብ በሚጭን የእንስሳ ጋሪ ደግሞ 40። አንድ ቤተሰብ በበጋው ሥራ በሚቀልበት ጊዜ ቀስ እያለ ይጨርሰዋል።

አፈሩ ከክምሩ የሚወጣበት መንገድም ዘዴ አለው። ዶዘር መጀመሪያ የገፋው የላይኛውን አፈር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የክምሩ ሥርና ከማሳው ራቅ ያለው ጎኑ ላይ ይገኛል፤ በማሳው በኩልና ከላይ ያለው መጨረሻ የተፋቀው የታችኛው አፈር ነው። ስለዚህ በቅርብ በኩል አይጀምሩ። በስተጀርባ ዞረው ክምሩን በአካፋ ከላይ እስከ ታች ይቁረጡት፤ ቀለሙን ያያሉ። ጠቆር ያለውን፣ በእጅ ሲጨብጡት ፍርክስክስ የሚለውን ብቻ ይጫኑ። ከጣት የወፈረ እንጨት ይልቀሙለት፤ ያልበሰበሰ እንጨት አፈር ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ሰብሉ የሚፈልገውን ናይትሮጅን ይሻማዋል። በብረት ሽቦ ወንፊት ቢያሳልፉት ሥራው ይቀላል፤ ወንፊት ከሌለ መንሽ ይበቃል።

ትልሙን ተዳፋቱን አግድመው ያውጡ፤ ቁልቁል የወጣ ትልም የመለሱትን አፈር በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መልሶ ይወስደዋል። የትልሙን ወለል በዶማ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርገው ያላሉት፣ ሦስት እጅ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ቀላቅለው ይሙሉት፤ በላዩ ላይ ከሁለቱ ወገን ትንሽ የታችኛ አፈር ቢቀላቀልበት አይጎዳም። ትኩስ ፍግ ግን አይግባ፤ ችግኙን ያቃጥላል፣ አረምም ያመጣል። ክረምቱ ሲገባ በዚያው ትልም ይዝሩ። ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ ከዘሩ 5 ሴንቲ ሜትር ጎንና ከዘሩ በታች ያኑሩ እንጂ አይበትኑ። ከክምሩ የመጣ አፈር የቁጥቋጦ ዘርና ሥር ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያውን አረም በበቀለ በሁለት ሳምንት ይያዙት፤ ከዘገዩ ይበልጥዎታል።

በትልሞቹ መካከል ባዶ የቀረው 60 ሴንቲ ሜትርም ሥራ አይፍታ። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ላብላብ ወይም የርግብ አተር የተባሉትን የጥራጥሬ ተክሎች ይዝሩበት። የርግብ አተር ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ማሽን የጠቀጠቀውን አፈር እየሰነጠቀ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ወድቆ ይበሰብሳል። በሚቀጥለው ዓመት ትልሙን በእነዚያ መካከሎች ላይ ያውጡ፤ እንዲህ እየተፈራረቁ በጥቂት ዓመታት ማሳው በሙሉ አፈር ያገኛል። አፈሩ መጠቅጠቁን ለማወቅ ጥሩ ዝናብ በጣለ ማግስት የጣት ውፍረት ያለው ሹል ብረት ይውጉ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ እምቢ ብሎ ከቆመ ተጠቅጥቋል። ሪፐር (ከማሽን ኋላ ተገጥሞ የተጠቀጠቀ አፈር የሚሰነጥቅ ጥርስ) ከገባበት አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ይግባ፤ እርጥብ አፈር በሪፐር አይሰነጠቅም፣ ይላቆጣል።

አንድ ልቤን የሚያሳዝነኝን ልማድ ሳልናገር አላልፍም። ከምንጣሮ በኋላ ክምሩን ማቃጠል ነው። ክምሩ ዓይን ስለሚያስቀይምና ቦታ ስለሚይዝ እሳት ይለቀቅበታል፤ ከውስጡ ያለው ግን ከማሳው የተወሰደው አፈር ነው። አፈር ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ የያዘው ብስባሽና ናይትሮጅን መጥፋት ይጀምራል፤ የተከመረ ጉቶ ሲነድ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እባክዎ አያቃጥሉት፤ ለሌላውም ይንገሩ። ሁለተኛው ልማድ ኦፕሬተሩን «አጽዳልኝ» ብሎ ማዘዝ ነው። በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ማጽዳት ማለት ብሌዱን (ከፊት ያለውን መግፊያ ብረት) መሬት አስነክሶ እንደ አውድማ መላጨት ነው፤ እሱ ደግሞ የታዘዘውን በሚገባ ፈጽሟል። ማሳ ግን አውድማ አይደለም። ሥርና ቅጠል የቀረበት መሬት ሲያዩ መጥፎ ይመስላል እንጂ ያበላል።

ስለ ቀሪው ግማሽ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ዛፎቹን አስቀድመው በመጥረቢያ ከመሬት ጋር አስተካክለው አይቁረጡ። ዶዘር ጉቶውን የሚገፋበት ቁመት ሲያጣ ለመንቀል አፈር መቆፈር ይገደዳል፤ አንድ ሜትር ያህል ግንድ ይተዉለት፣ ወይም ዛፉን እንደ ቆመ ይግፋው። ባለጥርስ መጥረጊያ የተገጠመለት ማሽን ከተገኘ እሱን ይከራዩ፤ እንጨቱን ይዞ አፈሩን በጥርሶቹ መካከል ያሳልፋል። ቀጥ ያለ ብሌድ ብቻ ካለ ቁጥቋጦውን ሲገፋ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እንዲይዘው ይንገሩት። የተነቀለው ጉቶ ወዲያው አይከመር፤ ለጥቂት ቀናት ተገልብጦ ይድረቅና ማሽኑ ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ ሲያራግፈው አፈሩ እዚያው ይወድቃል። ለዚህ የሚጨመረው የማሽን ሰዓት ጥቂት ነው፤ ዘንድሮ ያጡትን ምርት ያስቡና ያነጻጽሩት። ክምሩ ደግሞ ተዳፋቱን አግድሞ ይሁን፤ ቁልቁል ከሆነ ጎኑን ይዞ ጎርፍ ቦይ ያወጣል።

ጉብታ ማስደልደል ግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። መጀመሪያ የላይኛው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ተገፍቶ ለብቻው፣ ከእንጨቱ ተለይቶ፣ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ይከመር። ከዚያ የታችኛው አፈር ይቆረጥና ይሞላ፤ ቀጥሎ ሪፐር ይግባ፤ በመጨረሻ የላይኛው አፈር ይመለስና ይለበስ። ይህን በቃል ብቻ አይተዉት፤ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ከኦፕሬተሩ ጋር ማሳውን እየዞሩ አፈሩ የሚከመርበትን ቦታ ካስማ ይትከሉለት። እርጥብ መሬት ላይ ምንም ማሽን አይግባ። መሬቱ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ እንዲሆንም አይመኙ። ውሃ ቀስ ብሎ እንዲወርድ በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል፤ 10 ሜትር ሲባጎና የግንበኛ ውሃ ልክ ካለዎት ራስዎ ይለኩታል።

ጉድጓዶቹን ቆፍረው የሁለቱም አፈር ቀለምና የብርጭቆው ውጤት አንድ ዓይነት ከሆነብዎት ግምቴ ተሳስቷል ማለት ነው። ያኔ ከማሳው መሃል ከ8 እስከ 10 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን አፈር ሰብስበው በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው፣ ጥላ ላይ አድርቀው ግማሽ ኪሎ ያህሉን ለአፈር ላቦራቶሪ ይስጡ። የአሲድነቱንና የፎስፈረሱን መጠን ያስለኩ፤ ውጤቱን ይላኩልኝና ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ አብረን እናያለን።