ሞተር ማሻሻልን መከልከል ፍትሕ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ አዘዞ የምሠራ መካኒክ ነኝ። እሑድ እሑድ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር እናያለን። እሱ «ሞተር ማሻሻል ቢከለከል ሁሉም እኩል ይሆናል» ይላል፤ እኔ ግን ጉልበት ያነሰውን ሞተር ከፍቶ ማስተካከል የተከለከለ ሰው ገና ከመነሻው ተሸንፏል ባይ ነኝ። ማንኛችን ነን ትክክል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በእኔ ግምት ወደ እውነቱ የቀረቡት እርስዎ ነዎት፤ ባልደረባዎም ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ ያቃስት የነበረ ባጃጅ በአንድ ጋራዥ ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ባለሙያው ካንዴላውን ነቅሎ በጥቀርሻ የጠቆረውን ጫፍ በአውራ ጣቱ እየጠረገ አሳየኝና ችግሩ ያለበትን ወዲያው ነገረኝ። በፎርሙላ ዋን ግን ችግሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለማስተካከል ደንቡ መፍቀድ አለበት።

ሞተር እንዲቆለፍ፣ ማለትም ከጸደቀ በኋላ እንዳይሻሻል፣ ያደረገው በዋናነት ወጪ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባለ 2.4 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች እንዳሉ እንዲቆዩ ተወሰነ፤ በደቂቃ የሚዞሩትም ከ19,000 እንዳይበልጥ፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ከ18,000 እንዳይበልጥ ተደረገ። ገንዘቡ ተቆጠበ፤ ነገር ግን ቁልፉ ሲዘጋ ወደ ኋላ የቀረ እዚያው ቀረ። ለዚህም ነው የፈረንሳዩ ሞተር ሠሪ ሬኖ በ2009 ሞተሩን እንደገና እንዲያስተካክል የተፈቀደለት፤ ደንብ አውጪው አካል ራሱ መቆለፍ እኩልነትን እንደማያመጣ በዚህ ውሳኔው አምኗል።

በ2014 ባለ 1.6 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተጣምሮ ሲመጣ፣ መርሴዲስ የቱርቦውን አየር የሚያምቀውን ክፍል ከሞተሩ ፊት፣ በጭስ የሚሽከረከረውን ደግሞ ከኋላ አድርጎ በዘንግ አገናኛቸው፤ የሚታመቀውም አየር ከጭሱ ሙቀት ራቀ። በዚያ ዓመት ከ19 ውድድሮች 16ቱን አሸነፈ። ተፎካካሪዎቹ እንዳይከተሉት ያሰራቸው የነጥብ ሥርዓት ነበር፦ የሞተሩ ክፍሎች በጠቅላላው 66 ነጥብ ተሰጥቷቸው፣ ለ2015 አንድ ፋብሪካ መለወጥ የሚችለው የ32 ነጥብ ያህሉን ብቻ ሆነ። ለእርስዎ ቢሆን «ቴስታታውን ከለወጥህ ፒስተኑን አትንካ» እንደማለት ነው። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ለመሪውም ለተመሪውም የተፈቀደው ያው 32 ነጥብ መሆኑ ነው። ይህ ሥርዓት በ2017 ቀረ።

ከ2022 እስከ 2025 ሞተሮቹ እንደገና ተቆለፉ። በዚህ ጊዜም ያነሰው የሬኖ ሞተር ነበር፤ ጉዳዩ በ2023 ለውይይት ቢቀርብም እንደ 2009ኙ ዓይነት ማስተካከያ አልተፈቀደለትም። ለአንድ ዓይነት በደል አንድ ጊዜ መፍትሔ ሰጥቶ በሌላ ጊዜ መንፈግ፣ በእኔ እምነት፣ ከመቆለፉ የባሰ ጥፋት ነው፤ ተወዳዳሪው ነገ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅምና።

የባልደረባዎ ሥጋት ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፦ ማሻሻል ያለ ልክ ከተለቀቀ ገንዘብ ያለው ብቻ ይሮጣል። ስለዚህ ከ2023 ጀምሮ የሞተር ፋብሪካዎች ዓመታዊ ወጪ በጣሪያ ተወስኗል፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ሞተሩ ከምርጡ ቢያንስ በ2 በመቶ ያነሰበት ፋብሪካ ተጨማሪ የማሻሻያ ዕድል እንዲያገኝ ተደንግጓል። ለደካማው ጉልበት በስጦታ አይሰጠውም፤ ከፍቶ የመሥራት መብቱን ግን ይመልስለታል። እርስዎም የጠየቁት ይህንኑ ይመስለኛል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ልኬቱ የሚመለከተው የነዳጁን ሞተር ብቻ ነው፤ በአዲሱ ደንብ ግን ከመኪናው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ የሚመጣ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጉልበትም ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት አድጓል። በዚያ በኩል ወደ ኋላ የቀረ ፋብሪካ ይህ ድንጋጌ አይደርስለትም።