አባት ከዳር ሲጮህ ልጁ ማንን ይስማ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ታዳጊዎች እግር ኳስ ነው፤ ይልቁንም ሜዳ ዳር ስለሚቆሙት ወላጆች። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ በአንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ይሠለጥናል። ባለቤቴ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም። ግን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው «ምታ!»፣ «አቀብል!»፣ «ተመለስ!» እያለ ይጮኻል። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ቀና ብሎ አባቱን ያያል። ባለቤቴ «ካልነገርኩት ይተኛል» ይለኛል። ምን ላድርግ? (የልጁ እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጁ ቀና ብሎ አባቱን እንደሚያይ ማስተዋልዎ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እዚያው ላይ ነው ያለው። ኳስ የያዘ ልጅ ኳሷን፣ የሚመጣበትን ተጋጣሚና ነፃ ሆኖ የቆመውን ጓደኛውን ማየት አለበት። በዚህ ላይ አባቱን ሲጨምር ከሦስቱ አንዱን ይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ጓደኛውን ነው።

ትእዛዙም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አባት ክፍተቱን አይቶ እስኪጮህ፣ ልጁም ሰምቶ እግሩን እስኪያነሣ ድረስ ክፍተቱ ይዘጋል። «ምታ» ተብሎ የመታው ኳስ ተከላካይ ላይ ያርፋል፤ ወዲያው ደግሞ «ለምን መታህ?» ይባላል። አሰልጣኙ ሳምንቱን ሙሉ ከኋላ በቅብብል መውጣትን ሲያለማምዳቸው ከርሞ፣ አባት ቅዳሜ «ጠልዘው!» ካለ ልጁ ከሁለቱ አንዱን ማስቀየም ግድ ይሆንበታል። የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ አባቱን አያስቀይምም። «ካልነገርኩት ይተኛል» ለሚለው፣ ልጁ የሚቆመው ትእዛዝ መጠበቅ ስለለመደ ነው። ጩኸቱ ሲቀር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጨዋታዎች ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ይጠብቁት፣ ከዚያ በኋላ ራሱ መወሰን ይጀምራል።

ባለቤትዎን ሜዳ ላይ፣ ሰው ፊት «ዝም በል» አይበሉት፤ ይብስበታል። ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት፣ ልጁ በሌለበት ያነጋግሩት፤ ሥራም ይስጡት። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ በመጀመሪያው አጋማሽ ልጁ ስንት ኳስ ለጓደኛው በትክክል እንዳቀበለ፣ የተነጠቀውንም ስንቴ ተከትሎ እንዳስመለሰ ይቁጠር። የሚቆጥር ሰው ብዙ አይጮህም። የሚቆመው ከአሰልጣኙና ከተቀያሪዎቹ ፊት ለፊት ባለው መስመር፣ ወደ መሐል ሜዳው ግድም ይሁን። ልጁ ጥሩ ሲሠራ «ጎሽ!»፣ ሲሳሳት «አይዞህ!» ይበል፤ ለሌሎቹም ልጆች እንዲሁ። ትእዛዙ ግን ለአሰልጣኙ ይተው።

ጨዋታው ሲያልቅ በቅድሚያ ሹራብ፣ ቀጥሎ ውሃ። ላብ በያዘው ማልያ ላይ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሲያርፍበት ልጁ ወዲያው ይበርደዋል። በባጃጅም ይሁን በእግር ወደ ቤት ስትመለሱ ልጁ ራሱ ካላነሣው በቀር ስለ ጨዋታው አታንሡበት። ሲሸነፍ መንገዱን ሙሉ ምርመራ የሚጠብቀው ልጅ ቀስ በቀስ ጨዋታውን ራሱን ይሸሸዋል።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህር ነኝ። ሜዳችን አጥር የለውም። ጨዋታው ሲሞቅ ወላጁም ቲፎዞውም መስመሩን አልፎ ይገባል፤ የማዕዘን ምት የሚመታው ልጅ መንደርደሪያ ያጣል። በጀት የለንም። (ከመሐል ሜዳ ከተማ)

መልስ፦ የሚያስፈልግዎት ገመድና ካስማ ነው። ሜዳው 60 በ40 ሜትር ከሆነ ለአንዱ የጎን መስመር 65 ሜትር ያህል ገመድና 13 የእንጨት ካስማ ይበቃል። ካስማዎቹን በየ5 ሜትሩ፣ ከመስመሩ 3 ሜትር ወደ ውጭ ይትከሏቸው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ 30 ሳንቲሜትሩ መሬት ሲገባ ገመዱ 90 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል። ሦስት ሜትር የምንለው ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ መስመሩን ካለፈ በኋላ መቆሚያ ስለሚያስፈልገው ነው። ልጅ ሊወድቅበት ስለሚችል የብረት ካስማ አይጠቀሙ፤ የእንጨቱንም ጫፍ ይሞርዱት። ገመዱ ከሩቅ እንዲታይ ቁራጭ ጨርቅ ይሰሩበት።

ገመድ ካልተገኘ በዚያው በ3 ሜትሩ ላይ በጄሶ ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ያልጠፋ (ውሃ ያልገባበት) ኖራ ግን አይንኩ፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ልጆቹ ደግሞ የሚወድቁት እዚያው ላይ ነው።

ተመልካቹ በአንድ ጎን ብቻ ይቁም። ማዶው ለአሰልጣኞችና ለተቀያሪዎች ነው። ከጎል ጀርባ ማንም አይቁም፤ በረኛው ከጀርባው የሚሰማው ድምፅ ከተከላካዮቹ ጋር እንዳይነጋገር ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ሥራ ሰው ከመምጣቱ በፊት ይጠናቀቅ። አንዴ ቦታ የያዘን ሰው ማስነሣት ጠብ ነው።

ከሁለቱም ቡድን አንዳንድ የሚከበር ወላጅ ይምረጡና ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ይሰሩላቸው። እያንዳንዳቸው የሚያነጋግሩት የራሳቸውን ወገን ብቻ ነው፤ የሌላው ቡድን ሰው ሲገሥጸው ማንም አይሰማም። የጮኸውን አባት ፊት ለፊት አይጋፈጡት። ከጎኑ ቆመው በዝግታ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ አሰልጣኙን መስማት አቃታቸው፤ ትንሽ ወደኋላ እንበል» ይበሉት። ሕዝቡ ገመዱን ገፍቶ ከገባ ዳኛው ጨዋታውን ያቁምና ሁሉም ተመልሶ እስኪቆም ይጠብቅ። ክርክር አያስፈልግም፤ ሰዉ ጨዋታውን ስለሚፈልግ ራሱ እርስ በርሱ ይገፋፋል።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን እዚህ እያሸነፉ ደብረ ብርሃን ሲወጡ ከእረፍት በኋላ እግራቸው ይታሰራል። እኛም ተናደን «ሰነፎች! ሩጡ!» እንላለን። ምን ነክቷቸው ነው? (አባት፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ስንፍና አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ልጁ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ቤቱ ሳለ ከለመደው አንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። በዚያው ዕለት ጠዋት የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ የመጣ አካል ይህን ለመልመድ ጊዜ አላገኘም። «ሩጥ» እያላችሁ ስትጮኹበት ያለችውን ትንፋሽ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይጨርሳታል።

የሚሻለው ጨዋታውን በዝግታ መጀመርና ቶሎ ቶሎ መቀያየር ነው። የጨዋታው ሕግ፣ የአገሩ ፌዴሬሽን ከፈቀደ፣ በታዳጊዎች ውድድር ተቀይሮ የወጣ ልጅ እንደገና እንዲገባ ይፈቅዳል። የውድድሩ ደንብ ምን እንደሚል አሰልጣኙ አስቀድሞ ይጠይቅ። ራሱን የሚያመው ወይም የሚያስታውከው ልጅ ይውጣ፤ አይመለስም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘም እንዲሁ ነው፤ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያን ቀን አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ይግባ! ይግባ!» የሚለው ጩኸት በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የደብረ ብርሃን ልጆች ወደ እናንተ ሲወርዱ ደግሞ የሚፈትናቸው ሙቀቱ ነው። የውድድሩ ደንብ ከፈቀደ ዳኛው ለውሃ እስከ 1 ደቂቃ፣ ለማቀዝቀዣ ከ90 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ ሊያቆም ይችላል። ውሃውን ለሁለቱም ቡድን አቅርቡላቸው።

ጥያቄ፦ ለልጄ በየጎሉ 100 ብር እሰጠዋለሁ። አሰልጣኙ ተው አለኝ። ማበረታታት ምን ክፋት አለው? (አባት፣ ከእነዋሪ)

መልስ፦ አሰልጣኙ ልክ ነው። ልጅዎ ጎል ፊት ነፃ የሆነ ጓደኛ እያለው ማቀበል 100 ብር ያስከፍለዋል፤ አያቀብልም። ጓደኞቹም ቶሎ ይነቁበትና እነሱም ይነፍጉታል። ገንዘቡን ለታኬታ ያውሉት፤ ጎል አገባም አላገባም።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ዳኝነት ተምሬ የታናናሾቼን ጨዋታ እመራለሁ። ወላጆች «ሌባ!» ይሉኛል። ካርድ ላሳያቸው እችላለሁ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አትችልም። ካርድ ለተጫዋች፣ ለተቀያሪና ለቡድን አመራር ነው፤ ለተመልካች ካርድ የለም። ግን ጨዋታውን ማቆም፣ ማቋረጥና መሰረዝ ሥልጣንህ ነው። መጀመሪያ ጨዋታው ባለበት አቁመህ የዚያን ወገን ቡድን መሪ ጥራና «ሰውየውን አነጋግርልኝ» በለው። አንተ ወደ ተመልካቹ አትሂድ። ካልተወ ልጆቹን ከሜዳ አውጥተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያም ካልሆነ ጨዋታውን ዝጋ።

ብዙው ጩኸት ሕጉን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በእጅ ውርወራ፣ በመልስ ምትና በማዕዘን ምት ኳሱን በቀጥታ የተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ (ከጨዋታ ውጭ) አይባልም። ኦፍሳይድ የሚታየው ኳሷ ከጓደኛው ስትነሣ እንጂ እሱ ጋ ስትደርስ አይደለም። እጅ የነካ ኳስ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ሆን ብሎ ከነካ ወይም እጁን ዘርግቶ አካሉን ከተገቢው በላይ ካሰፋ ግን ነው። «ኳሷን እኮ ነው የነካው!» የሚለውም አያድንም፤ ኳሷን ነክቶም በግዴለሽነት ከገባ ጥፋት ነው። እነዚህን አራት ነገሮች አሰልጣኞቹ ከውድድሩ በፊት በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ እንዲያነቧቸው ጠይቅ።

ጨዋታው ሲያልቅ ከሜዳው ብቻህን አትውጣ፤ የውድድሩ ኃላፊ አብሮህ ይሁን። ሪፖርቱንም በዚያው ቀን ጻፍ፦ ስንተኛው ደቂቃ ላይ፣ በየትኛው ወገን፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ የቡድን መሪው ምን እንዳደረገ። የራስህን አስተያየት አትጨምርበት።