ስቴልዝ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ልትሠራ ላሰብከው

ወንድሜ፣ «ስቴልዝ አውሮፕላን ራዳር ላይ አይታይም፤ በዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክት ብሠራ ያዋጣል?» ያልከውን አነበብኩ። እኔም ይህንኑ ርዕስ ይዤ አንድ ሙሉ ሴሚስተር አቃጥያለሁ። አንተ እንዳትቃጠል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

1. «አይታይም» የሚለውን ቃል ዛሬውኑ ከፕሮፖዛልህ አውጣ። እኔ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌው ነበር። ፈታኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «በስንት የሞገድ ርዝመት ነው የማይታየው?» ዝም አልኩ። ወራት የለፋሁት በ3 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ብቻ ነበር። ወደቅኩ። እናቴ ለምርቃቴ የጠመቀችው ጠላ ለጎረቤት ታደለ። ያን ቀን አልረሳውም።

መልሱን በኋላ ያገኘሁት ከሰርቢያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 የሰርቢያው ኮሎኔል ዞልታን ዳኒ የአየር መከላከያ ክፍል አሜሪካ የምትመካበትን ኤፍ-117 የተባለ ስቴልዝ አውሮፕላን ቡጃኖቭሲ መንደር አጠገብ ጣለው። ያዩት ፒ-18 በሚባል አሮጌ የሶቪየት ራዳር ነው፤ ሞገዱ 2 ሜትር ገደማ። የአውሮፕላኑ ሰያፍ ገጾች የተሠሩት የሴንቲ ሜትር ሞገድን ወደ ጎን እንዲገፉ ነው። ሞገዱ የጅራቱን ያህል ሲረዝም ግን ሰያፍነቱ ብዙም አያድነውም። ታዲያ ረጅሙ ሞገድ ሚሳይል ለመምራት አይበቃም፤ ዒላማው የት አካባቢ እንዳለ ነው የሚጠቁመው። ሚሳይሉን የመራው ኤስ-125 የተባለው የፀረ-አውሮፕላን ሚሳይል ሥርዓት የራሱ ባለ ሴንቲ ሜትር ራዳር ነው፣ ያውም አውሮፕላኑ ቀርቦ። ማየትና መምታት ይለያያሉ። ይህን ለይተህ ጻፍ።

ስሌቱም ይኸው ነው፦ ነጸብራቁን 10,000 ጊዜ ብታሳንሰው፣ የሚታይበት ርቀት የሚያጥረው 10 ጊዜ ብቻ ነው። 200 ኪሎ ሜትር ላይ ይታይ የነበረው 20 ላይ ይታያል። የስቴልዝ ጥቅሙ ለጠላት ጊዜ መንፈጉ ነው።

2. ማታለያውን፣ ማለትም ለራዳር ሐሰተኛ ዒላማ ማሳየትን፣ አትተው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሊባኖስ ቤካ ሸለቆ ላይ እስራኤል ሰው አልባ አውሮፕላን ልካ የሶሪያን ራዳሮች አስከፈተቻቸው፤ ራዳር ሲከፈት ደግሞ ያለበትን ቦታ ራሱ ይናገራል። ከዚያ እየለየች መታቻቸው።

እኔ በሁለተኛው ዙር ማታለያውን በእጄ ሠራሁት። ጎናቸው 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት የካርቶን ቁራጮችን ፎይል ለብጬ እንደ ክፍል ጥግ ገጠምኳቸው። በ24 ጊጋኸርዝ ሞገድ በስሌት ከ40 ካሬ ሜትር በላይ ነጸብራቅ ይሰጣል፤ ትንሹ ካርቶን ለራዳሩ ትልቅ ነገር ይመስለዋል ማለት ነው! ጎኑ ካቆምኩት ሰፊ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ጋር አወዳደርኩት። ቆርቆሮውን ትንሽ ዘንበል ሳደርገው ስክሪኑ ላይ ያለው ጉብታ ጠፋ። የካርቶኑ ግን ባዞረውም ንቅንቅ አላለም። ያው ፈታኝ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጥተው በእጃቸው አዞሩት። ኤ አገኘሁ።

3. የራዳር ሴንሰሩን ከውጭ ካዘዝክ ከዲፓርትመንት ደብዳቤ ሳትይዝ ልትረከብ እንዳትሄድ። የእኔ ሴንሰር የመጣበት ማሸጊያ ላይ «ራዳር» ተብሎ ስለተጻፈ አንዱ ቢሮ ሁለት ወር ያዘብኝ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ የጦር መሣሪያ ነው» አለኝ። አውቶማቲክ በር ላይ የሚገጠም ዓይነት እኮ ነው! ደብዳቤው ላይ ይህንኑ አጽፍ፣ ማኅተሙም በግልጽ ይታይ።

ስትለካ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ አትለካ። የመስኮቱ ፍርግርግና የብረት ወንበሩ ሁሉ ያንጸባርቃል። እኔ የተስተካከለልኝ ሜዳ ላይ ሳወጣው ነው።